ያለቀ ሥራ ከእጄ አልወጣ አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እስቲ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ሥራዬ ሪፖርትና ፕሮፖዛል መጻፍ ነው። መጀመር አይከብደኝም፣ መጨረስም እንደዚያው፤ የጨረስኩትን መልቀቅ ነው ያቃተኝ። ሌሊት ቁጭ ብዬ አንዲት ነጠላ ሰረዝ አነሳለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ እዚያው እመልሳታለሁ፣ ከዚያ ርዕሱን ልቀይር እላለሁ፣ እንዲህ እንዲህ ስል ይነጋል። አለቃዬ «ይበቃል፣ ላኪው» ትለኛለች። ልቤ ግን አያርፍም።

በ1978 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው ሄርበርት ሳይመን፣ ሰው ብዙ ጊዜ ምርጡን ፍለጋ ከመባዘን ይልቅ ያወጣውን መስፈርት ያሟላለትን ይወስዳል ይላል። ደስ አለኝና ሞከርኩት። ወረቀት ላይ ጻፍኩ፦ ቁጥሮቹ ተመሳክረዋል፣ የተጠየቀው ተመልሷል፣ አንባቢ አይደናገርም። ሁሉም ሲሟላ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? መስፈርቱን ራሱን ከፍ አደረግኩት! (ሰነፍ እንዳልባል ይሆን? እንጃ።)

እንደኔ የሆናችሁ፣ አንዴ ያወጣችሁትን መስፈርት መልሳችሁ እንዳትነኩት ምን አደረጋችሁ? ሌላ ሰው ይያዝልኝ? ሰዓት ልገድብ? «በራስሽ ተማመኚ» የሚለውን ብቻ ተዉልኝ፣ እሱን ጠግቤዋለሁ።