ከእናቴና ከልጄ ጋር አንድ ቀን ብቻ፤ ከየት እንጀምር?

ወገኖች፣ ለንደን የምትኖሩ ወይም ሄዳችሁ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አንድ ነገር በሉኝ። የምኖረው አዳማ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ከእናቴና ከ7 ዓመት ልጄ ጋር እህቴን ልንጠይቅ እንሄዳለን። ልጁ የሚያወራው ስለ ዳይኖሰር ብቻ ነው። ጅራቱ ተሰብሮ በፕላስተር ያሰርኩለትን የፕላስቲክ ዳይኖሰር ትራሱ ሥር ሳያደርግ አይተኛም። ስለዚህ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ አይቀርም። ችግሩ ያለን አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እናቴን ደግሞ ጉልበቷን ያማታል።

እህቴ "በ10 ሰዓት ይከፈታል" ስትለኝ "ሊመሽ ሲል ገብተን ምን እናያለን?" ብዬ ተከራከርኳት። ለካ በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው! የሚዘጋው 11 ከ50። መግቢያው ነፃ ቢሆንም ቀድሞ ሰዓት ማስያዝ ይሻላል ብላኛለች።

አሁን የጨነቀኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ዋናው አዳራሽ ውስጥ 25 ሜትር የሚረዝም የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አጽም ከጣሪያው ተንጠልጥሏል፤ እናቴ አረፍ ብላ የምታይበት መቀመጫ በቅርብ አለ? ልጄ ግን በቀጥታ ወደሚንቀሳቀሰው የቲ-ሬክስ ዳይኖሰር ሞዴል መሮጡ አይቀርም (ሲያገሳ ይደነግጥብኝ ይሆን ብዬም ሰግቻለሁ)። በክሮምዌል መንገድ በኩል ብንገባ ይሻላል ወይስ በኤግዚቢሽን መንገድ? ደረጃ የሚያንሰው የቱ ነው? ምግብ ይዞ መግባትስ ይቻላል? እናቴ ዳቦ ቆሎውን ከአሁኑ ጀምራዋለች።