ሞዴል የጦር መርከቤ ሲታጠፍ ያዘነብላል፤ ምን ይሻላል?

የጀርመኑን ቢስማርክ በ1፡100 ልኬት ሠርቼ በሬዲዮ እየነዳሁት ነው። እውነተኛው 251 ሜትር ስለነበር የእኔው ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ ውኃው ላይ በልኩ እንዲቀመጥ ደግሞ ወደ 50 ኪሎ ግራም መመዘን አለበት። በባትሪና በእርሳስ ሞልቼዋለሁ። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ያምራል፤ አያሳፍርም! መሪውን ሳዞር ግን ወደ ውጭ ይጋደማል፤ የላይኛው ወለል ጠርዝ ውኃ ነክቶም ቀና ለማለት ያመነታል።

ባትሪዎቹ ከታች፣ ቀፎው ወለል ላይ ናቸው። የምጠረጥረው ከአንቶን እስከ ዶራ በሚሉ ስሞች የሚጠሩትን አራቱን የመድፍ ማማዎች ነው፤ ከነሞተራቸው ከባድ ናቸው። በስስ ፕላስቲክ ልተካቸው ወይስ ከውስጡ እርሳስ ቀንሼ ከቀፎው ሥር በውጭ በኩል ልሰር? ሁለተኛው መልኩን እንዳያበላሽብኝ ሰግቻለሁ። ፍጥነት መቀነስ ብቻ ይበቃል የምትሉም ምክንያታችሁን ጻፉልኝ።