ንስሐ ከገባሁ በኋላ የቀድሞው ምኞት ለምን አለቀቀኝም?

ጠያቂው
እንደምን አላችሁ ወንድሞችና እኅቶች። ለ9 ዓመት በአዲስ አበባ የመኪና ደላላ ነበርሁ። ድለላ በራሱ ኃጢአት ነው ማለቴ አይደለም፤ እኔ ግን እንጀራዬን የበላሁት የተጋጨውን መኪና «አልተነካም» እያልሁ፣ ኪሎ ሜትሩ የተቀነሰውን «ሴት የያዘችው ነው» እያልሁ፣ ሻጩ በጠራው ዋጋ ላይ ገዢው የማያውቀውን ጭማሪ እየጫንሁ ነው። ያገኘሁትም በጫትና በመጠጥ አለቀ። ባለፈው ዐቢይ ጾም ንስሐ ገብቼ፣ የንስሐ አባቴ የሰጡኝን ቀኖና ፈጽሜ፣ ከልጅነቴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆረብሁ። ያን ዕለት ሁሉም ነገር ያበቃ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን 8 ሰዓት ሲሆን እግሬ ሳላዘው ወደ በርጫው ቤት ያዘነብላል፤ ስልክ ሲደወልልኝም ውሸቱ ከእውነቱ ቀድሞ አፌ ላይ ይመጣል። ንስሐዬ እውነተኛ አልነበረም ማለት ነው? ያታለልኋቸውን ሰዎችስ ምን ላድርግ?

ዘሰንበት ትምህርት ቤት
ወንድሜ፣ ሰኔ 24 ቀን የምናከብረውን የሙሴ ጸሊምን ታሪክ ታውቀው ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚነገረን መጀመሪያውና መጨረሻው ብቻ ነው። ሽፍታ ነበር፣ በግብፅ አስቄጥስ ገዳም መነኰሰ፣ ቅዱስ ሆነ ይባልና መካከሉ ይዘለላል። ለአንተ የሚጠቅምህ ግን መካከሉ ነው። ከመነኰሰ በኋላ የቀድሞው ፍትወት እጅግ ስለ በረታበት ተስፋ ሊቆርጥ ደርሶ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደ። አባ ኤስድሮስ «ምንኩስናህ ሐሰት ነው» አላለውም። ነገሩን የመሰለለት በሥጋ ቤት ደጃፍ አጥንት መቆርጠም በለመደ ውሻ ነው፤ ውሻው ልማዱን አይተውም፣ ነገር ግን ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ የሚሰጠው ሲያጣ ወደዚያ መመላለሱን ያቆማል። ሙሴም ከዚያ ወዲያ ዓመታት ታገለ፤ ሌሊት ሌሊት እየተነሣ ውኃ ለመቅዳት ለደከሙ አረጋውያን መነኰሳት እንስራቸውን እየሞላ ያድር ነበር። እንግዲህ የምኞቱ መምጣት ንስሐህን ሐሰት አያደርገውም፤ የሚያስፈራው አጥንት መወርወሩ ነው። ስለዚህ ሲም ካርድህን ለውጥ፣ ከደላሎቹ ሰፈር ራቅ፤ ስለ ገንዘቡም ከንስሐ አባትህ ጋር ተማክረህ ምጽዋት ስጥ።

የልጆች እናት
ልጄ፣ እኔ የመጽሐፍ ሰው አይደለሁም፤ ባለቤቴ ከመጠጥ ሲወጣ ያየሁትን ብቻ ልንገርህ። እርሱም ንስሐ በገባ በሁለተኛው ወር እንደ አንተው ሰዓቱ ሲደርስ ይቁነጠነጥ ነበር። ከሥራ ሲወጣ በአረቄ ቤቱ በኩል ማለፉን ትቶ፣ ዳገት የበዛበትን ዙሪያ መንገድ እየተጓዘ ይገባ ጀመር፤ ሰርክ ጉባኤ በሚኖርበት ቀን ደግሞ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ያስቸገረን፣ ሳቅ እንዳይመስልህ፣ የጽዋ ማኅበራችን ነበር፤ በጻድቁ ስም ተሰብስበን ጠላውን በጣሳ እየሞላን ለዚሁ ሰው እንሰጠዋለን። በመጨረሻ ማኅበርተኞቹን ለምኜ ለእርሱ የማያሰክረው ቡቅሬ ይጠመቅለት ጀመር። አንድ ሁለቱ አኩርፈው ነበር፤ ይሁን። አንተም 8 ሰዓት ላይ ባዶ እጅህን አትቀመጥ፤ ያ ሰዓት ሥራ ይፈልጋል።

ከወላይታ
እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ፤ በንስሐ ሥርዓት ላይ ልንለያይ እንችላለን፣ ሆኖም በገንዘቡ ጉዳይ የመጀመሪያው መላሽ ችኮላ ያሳዩ ይመስለኛል። ዘኬዎስ በሉቃስ 19 ላይ የተናገረው ሁለት የተለያየ ነገር ነው፦ ለድሆች የሀብቱን እኩሌታ፣ ለበደላቸው ደግሞ አራት እጥፍ። ለድሆች መስጠቱ ለተበደሉት መመለስን አልተካለትም። በዘኁልቁ 5 ያለው ሕግም ሰው የበደለውን ዋናውን ከአምስተኛ እጅ ጭማሪ ጋር ለባለቤቱ እንዲመልስ ያዝዛል፤ ለካህኑ የሚሰጠው ተበዳዩም ሆነ የሚቀበል ዘመድ ሲጠፋ ነው። አራት እጥፉን ዘኬዎስ ከራሱ ፈቃድ የገባው ቃል ስለሆነ በወንድማችን ላይ ሸክም አድርጌ አልጭነውም። ነገር ግን ስልክ ቁጥሩ በእጁ ያለ ሰው ሳይነገረው፣ ገንዘቡ በደጀ ሰላም ለተቀመጠ ነዳይ ቢሰጥ፣ ያ በሌላ ሰው ገንዘብ የተሰጠ ምጽዋት ነው። ስለዚህ ሲም ካርዱን ከመለወጥዎ በፊት ቁጥሮቹን በወረቀት ይገልብጡ።

ዘሰንበት ትምህርት ቤት
እርምትዎን ተቀብያለሁ። ምጽዋት ያልሁት ባለቤቱ ለማይገኝ ገንዘብ ሊሆን ይገባ ነበር፤ አሳጥሬ በመጻፌ አጥፍቻለሁ።

ጠያቂው
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁጥሮቹን ዛሬ ስገለብጥ በትክክል የማስታውሳቸው 14 ሰዎች ሆኑ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የምከፍልበት አቅም የለኝም፤ የንስሐ አባቴም ከትንሹ ጀምር ብለውኛል። የመጀመሪያው አንድ የላዳ ታክሲ ሹፌር ነው፤ ሞተሩ የወረደ መኪና ደህና ነው ብዬ አስገዝቼዋለሁ። ነገ 8 ሰዓት ላይ እደውልለታለሁ።