አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ስቱዲዮ ልከራይ ነው፤ ምን ላረጋግጥ?

ጥያቄ፦ አዲስ ተከራይ

ጤና ይስጥልኝ። ጀሞ አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራተኛው፣ ማለትም የመጨረሻው ፎቅ ላይ ስቱዲዮ አግኝቻለሁ። ኪራዩ በወር 12,000 ብር ነው። ግቢ ውስጥ ከስድስት ቤተሰብ ጋር አንድ ሽንት ቤት ስጋራ ለኖርኩት ለእኔ ቤተ መንግሥት ነው። አሳንሰር የለውም። እኔ ደረጃውን እችለዋለሁ፤ አልፎ አልፎ የምትመጣውን እናቴን ግን ጉልበቷን ያማታል። የቤቱ ባለቤት ውጭ አገር ናቸው፤ የሚያከራየው ወንድማቸው ነው። የስድስት ወር ቅድሚያ እንድከፍል ይፈልጋል፤ ውሉን ቆይተን እንጽፋለን ይላል። ደላላው ደግሞ «ነገ ሌላ ሰው ይወስደዋል» እያለ በየቀኑ ይደውላል።

መልስ፦ የጀሞ ነዋሪ

እህቴ፣ ባዶ እጅሽን ስትወጪ አራተኛ ፎቅ ምንም አይደለም። ሃያ ሊትር ጀሪካን ይዘሽ ውጪና ያኔ ንገሪኝ። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ግፊቱ ሲያንስ ምድር ቤት ያለችው ልብስ እያጠበች የላይኛው ቧንቧ ነፋስ ብቻ ይተፋል። ሦስተኛ ፎቅ በኖርኩበት ጊዜ ባልዲ ለመሙላት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እነሣ ነበር። አከራዩን «ውኃ አለ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ አለ ይልሻል። በዚያው ፎቅ የሚኖሩትን በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚመጣ ጠይቂ። በየበሩ ጀሪካን ተደርድሮ ካየሽ ደግሞ መጠየቅም አያስፈልግሽም። ሮቶና ፓምፕ ካለ፣ የፓምፑን መብራት ማን እንደሚከፍል እወቂ።

መልስ፦ ጡረተኛ ጠበቃ

ልጄ፣ «ውሉን ቆይተን» የሚለውን አትቀበዪ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ተደርጎ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ለአንቺ 24,000 ብር ማለት ነው። የተጠየቅሽው 72,000 ነው! የውሉ ዘመንም ከሁለት ዓመት አያንስም። ክፍያሽን በባንክ አድርጊ፤ ደረሰኙ ምስክርሽ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ውክልናውን እይ። ወንድምነት ብቻውን ሥልጣን አይሰጥም። ሰነዱ ላይ ቤቱን ማከራየትና ኪራይ መቀበል እንደሚችል በግልጽ መጻፉን አንብቢ።

መልስ፦ አከራይ ነኝ

እኛም እንናገር እንጂ። አንዱ ተከራዬ የአራት ወር የመብራት ዕዳ ትቶልኝ ቁልፉን በር ሥር ወርውሮ ሄዷል። ብዙ ቅድሚያ የሚጠየቀው በዚህ ፍርሃት ነው፤ ትክክል ነው ግን አልልም። በገባሽበት ቀን የቆጣሪውን ንባብ ሁለታችሁም ባላችሁበት ፎቶ አንሺና ውሉ ላይ ይጻፍ። ካርድ ቆጣሪ ከሆነ ከዚህ ጭቅጭቅ ትድኛለሽ። የጥበቃና የጽዳት መዋጮውንም ማን እንደሚከፍል ተነጋገሩ።

መልስ፦ ቁምሳጥን የከዳው

ከቆርቆሮው ሥር ስለሆንሽ ኮርኒሱን ቀና ብለሽ እይው። ቡናማ ክብ ክብ ካለበት ሐምሌ ላይ ሳህን ትደቅኛለሽ። ዕቃሽንም ለክተሽ ሂጂ፤ የእኔ ቁምሳጥን ደረጃው መጠምዘዣ ላይ አልዞር ብሎ እግሩን በመጋዝ ቆርጠን ነው ያስገባነው። ከጫኝና አውራጆች ጋር ደግሞ መኪናው ሳይደርስ፣ ፎቁን ነግረሽ ዋጋ ጨርሺ። ፍሪጅሽ መንገድ ላይ ከተቀመጠ በኋላ መከራከር አይቻልም።

ምላሽ፦ አዲስ ተከራይ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ከእናቴ ጋር ሄድኩ። እሷ ሁለት ጊዜ ቆም እያለች ወጣች፤ ላይ ስትደርስ «ነፋሱስ ደስ ይላል» አለች። ጎረቤቷ እንደነገረችኝ ውኃው በሳምንት ሁለት ሌሊት ይመጣል፤ እዚያ ፎቅ የሚደርሰው ሁሉም ሲተኛ ነው። ትልቅ በርሜል ብገዛ ይበቃኛል ብዬ አስቤያለሁ። ኮርኒሱ ጥግ ላይ አንድ ክብ አለ፤ ወንድምየው ከመግባቴ በፊት ሊያስጠግን ተስማምቷል። አዋጁን ስጠቅስለት ቅድሚያውንም ወደ ሁለት ወር አወረደው። ውክልናውን ግን ገና አላሳየኝም፤ እስኪያሳየኝ ድረስ ብር አልሰጥም። የደላላው «ሌላ ሰው»ም እስካሁን አልመጣም።