«ደራሲው ቀጠፈው» ይባላል ወይ?

የታቦር ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። ትናንት እዚሁ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡና ይዘን ከመጽሐፍ የተሠራው የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ድራማ ወሬ ተነሣ። አንዱ ጓደኛዬ «ደራሲው ሮብን ገና ሳንጠግበው ቀጠፈው» አለ። ጆሮዬን ቆረቆረኝ። እኔ የማውቀው «ሞት ቀጠፈው» ሲባል ነው። ደራሲ የገዛ ገፀ ባህሪውን ይቀጥፋል? ስለዚሁ ድራማ የምጽፈው ነገር አለኝ። ልጠቀምበት ወይስ «ገደለው» ብዬ ልለፍ?

ቅኔ ዘራፊ፦ ምን ችግር አለው? ማቴዎስ 12 ላይ ደቀ መዛሙርቱ እሸት የቀጠፉት በእጃቸው ነው። ደራሲም እጅ አለው። ዋናው የተቀጠፈው ለጋ መሆኑ ነው። ሮብ ሠርግ ቤት ተጠርቶ የተገደለ ጎረምሳ ንጉሥ ነው፤ ያምርበታል። አባቱ ኔድ ግን የአምስት ልጆች አባት፣ የበሰለ ሰው ነው። እሱን «ተቀጠፈ» ካልከው ቃሉን አባከንከው።

ፊደል ቆጣሪ፦ አልስማማም። የገጸ ባሕርይ ዕድሜ በታሪኩ ነው የሚቆጠረው። እ.ኤ.አ. በ1996 የመጀመሪያው መጽሐፍ ሲወጣ አንባቢው ኔድን ዋናው ሰውዬ ነው ብሎ ይዞታል። በ2011 ድራማው ሲመጣም እንደዚያው። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ዐሥር ክፍሎች ዘጠነኛው ላይ አንገቱን ተቀላ! ታሪኩ ገና ሲጀምር ነው የሄደው። ከዚህ በላይ ለጋ ምን አለ?

ቅኔ ዘራፊ፦ እሺ ባሪስታን ሴልሚስ? ጸጉሩ የነጣ ሽማግሌ። በ2015 ድራማው ላይ መንገድ ላይ ተወግቶ ሞተ። እስካሁን በወጡት አምስት መጻሕፍት ግን በሕይወት አለ። እሱንም «ለጋ» ልትይኝ ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦ እሱማ እጥፍ ድርብ ነው የተቀጠፈው። መጽሐፉ «አለ» ሲል ድራማው «ሞተ» አለ። ይህ ቅጥፈት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? የሮብም ሚስት እንደዚያው ናት። ድራማው ላይ ነፍሰ ጡር ሆና አብራው ተገደለች፤ መጽሐፉ ላይ ሠርጉ ቤት እንኳ አልሄደችም። እኔ እንዲያውም ቀጣፊ ከዚሁ ሥር ነው የመጣው ባይ ነኝ። እውነቱን ከግንዱ ገንጥሎ ቅጠሉን ብቻ ይዞ የሚዞር ማለት ነው።

መሪጌታ ነኝ ባይ፦ ኧረ ቀስ በሉ ልጆች። ሥር እንደ ጎመን ከየጓሮው አይነቀልም። ቀጠፈ በዐረብኛም በዕብራይስጥም ፍሬና አበባ መልቀም ነው። ውሸቱ የእኛ ቤት ጭማሪ ነው። ይልቅ እኔን የሚያበሽቀኝ የሞተውን ሁሉ «ተሠዋ» ማለታችሁ ነው። «ተሠዋች» የሚባልላት ሺሪን ናት። አባቷ ስታኒስ ለእሳቱ አምላክ ብሎ በቁሟ አቃጠላት። የዮፍታሔ ልጅ ነገር። እሱንም በንጉሡ ሠ ጻፉልኝ።

የአሞራ ገደል ልጅ፦ መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ተሰዋ እና ተሰወረ ዘመድ አይደሉም? ሁለቱም ከዐይን መጥፋት ነው። ይኸው ጆን ስኖው በ2015 በጩቤ ተወግቶ ሞተ ተባለ፤ በ2016 ቁጭ አለ። ተሰውሮ ነበር ማለት ነው።

መሪጌታ ነኝ ባይ፦ አይደሉም። ሦዐ በንጉሡ ሠ ይጀምርና በዐይኑ ዐ ያልቃል። ሰወረ በእሳቱ ሰ ነው። ሄኖክና ኤልያስ ሞትን ሳያዩ ተሰወሩ። ጆን ግን ሞቶ፣ በድኑ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ነው የተነሣው። አልዓዛር በለው እንጂ ኤልያስ አትበለው።

ቅኔ ዘራፊ፦ ጠረጴዛውን ሳይቀር አይተውታላ! በጾም እንዳይሆን ብቻ።

መሪጌታ ነኝ ባይ፦ ልጆቹ ሲያዩ በጎን ነው ያየሁት።

የታቦር ልጅ፦ ኧረ የኔ ነገር! ጽሑፉን ነገ አስረክባለሁ። ይባላል አይባልም?

መሪጌታ ነኝ ባይ፦ አንተ መጀመሪያ «ገፀ ባህሪ» ያልከውን አስተካክል። ገጽ በጸሎቱ ጸ፣ ባሕርይ በሐመሩ ሐ። መጨረሻው ላይ ያለችውን «ይ»ስ ማን በላት?

ፊደል ቆጣሪ፦ «ተነሣ» ካላችሁ አይቀር የሮብን እናት የካትሊንን ፍረዱኝ። ሦስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ከሞት ተመልሳ ትመጣለች። ድራማው ይህን ጭራሽ አልነካውም። ግን የመጣችው ያቺ እናት አይደለችም። ጉሮሮዋ የተቆረጠ፣ ሰው የምታሰቅል፣ በቀል ብቻ የቀራት ናት። ለእሷም «ተነሣች»? ትንሣኤ እኮ ክብር አለው።

መሪጌታ ነኝ ባይ፦ ልክ ነሽ፣ ያ ቃል አይገባትም። «ነቃች» ይበቃታል።

ቅኔ ዘራፊ፦ «ነቃች»ማ ከእንቅልፍ ነው። ሦስት ቀን ወንዝ ውስጥ የከረመ ሬሳ ይነቃል እንዴ? «ተመለሰች» በሏት።

ፊደል ቆጣሪ፦ ከገበያ? ዘንቢሏን ይዛ?