ቲትሬተሩ ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያውን ናሙና ከፍ አድርጎ ያነብብኛል

አዲስ_ገቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ላብ ውስጥ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለት ወሬ ነው። የተማርኩት ቲትሬሽን (ጥንካሬው የታወቀ ፈሳሽ ጠብ እያደረጉ ናሙናው ውስጥ ያለውን መጠን መለካት) በእጅ ነው። የብርጭቆ ቡሬት፣ ፌኖልፍታሊን፣ ሮዝ ሲል መዝጋት፣ ከደመቀ ደግሞ ማንም ሳያይ ደፍቶ እንደገና መጀመር። እዚህ ግን የተረከብኩት አውቶማቲክ ቲትሬተር ነው። ያስረከበኝ ልጅ ግማሽ ቀን አሳየኝና ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ። "ናሙናውን ማስቀመጥ፣ ስታርት መጫን፣ በቃ፣ ሌላውን እሱ ይሠራዋል" ነው ያለኝ።

እሱ ግን እየሠራው አይደለም። የምንለካው የአሲድ መጠን ነው። ቲትራንቱ፣ ማለትም ከቡሬቱ የሚወርደው ፈሳሽ፣ 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ የቡሬቱ ሲሊንደር 10 ሚሊ ሊትር። ጠዋት በመቆጣጠሪያ ናሙና እጀምራለሁ፣ 5.41 ሚሊ ሊትር ይፈጃል። ያንኑ ስደግመው 5.28፣ ከዚያ 5.27፣ ከዚያ 5.28። ከሰዓት ብሠራው ያው 5.28 ነው። በማግስቱ ጠዋት ግን እንደገና ወደ ላይ። ሌላው ደግሞ፣ ይኸው መቆጣጠሪያ ናሙና ሥራ ስጀምር 5.19 ነበር የሚፈጀው። ቀስ እያለ ነው 5.28 የደረሰው። ፒኤች የሚያነበው ኤሌክትሮድም ሰነፍ ሆኗል፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ቡና አፍልቶ መጠጣት ይቻላል።

አንድ ሌላ ጥያቄ። ባለፈው ሳምንት የቡሬቱን ቱቦ ላላ ሳደርገው ጠብታ ፈናጥሮ ጓንቴ ላይ አረፈ። መነጽር አላደረግኩም ነበር። እዚህ "ማሽን ነው፣ መነጽር ምን ያደርጋል" ይላሉ። እውነት ነው?

ቡሬት_ሰባሪ፦

ወንድሜ እንኳን ወደ ማሽኑ ዓለም በደህና መጣህ።

የጠዋቱ ነገር ግልጽ ነው፣ ጥፋቱ ያለው ቱቦውና ጫፉ ላይ ነው። ማታ ጥለኸው ስትሄድ ቱቦው ውስጥ ያደረው ፈሳሽ ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን አይደለም። ጫፉን ውሃ ውስጥ ነክረህ ከሄድክ ሃይድሮክሳይዱ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይወጣል፣ ውሃው ወደ ጫፉ ይገባል። አየር ላይ ከተውከው ደግሞ ይደርቅና ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አፉን ይደፍነዋል። በዚያ ላይ ቀጭኑ የፕላስቲክ ቱቦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጨርሶ አያስገባም ማለት አይደለም። ጠዋት መጀመሪያ የሚወርደው እንግዲህ ይህ የደከመ ፈሳሽ ነው። የደከመ ስለሆነ ብዙ ይፈልጋል፣ ብዙ ስለፈለገ ውጤትህ ከፍ ይላል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሜኑው ውስጥ ቡሬቱን አጥቦ የሚሞላ ትእዛዝ አለ፣ እኛ ጋ ፕሪፔር ነው የምንለው። ጫፉን ባዶ ቢከር ላይ አድርገህ ከመጀመሪያው ናሙና በፊት ሁለቴ አስኪደው። የወጣውን ድፋው። ይኸው ነው።

ደግሞ አረፋ ፈልግ። "አየሁ፣ የለም" አትበል፣ በደንብ ፈልግ። የስልክህን መብራት ከቱቦው ጀርባ ያዝና ከጠርሙሱ እስከ ጫፉ በዓይንህ ተከተለው። እኔ አንዴ ሦስት ቀን የለፋሁበት አረፋ የተገኘው ቱቦው ሲሊንደሩ ላይ የሚታሰርበት ብሎን ሥር ተለጥፎ ነው። የምስር ፍሬ አያክልም። ፒስተኑ ሲገፋ አረፋው ይጨመቃል። ማሽኑ 0.1 ሚሊ ሊትር አወረድኩ ብሎ ይቆጥራል፣ ቢከሩ ውስጥ የገባው ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው ፒስተኑ ስንት እንደሄደ ብቻ ነው፣ ምን እንደወረደ አያይም።

አረፋ የሚመጣው ብሎኑ ሲላላ፣ ሲሊንደሩ በጣም ፈጥኖ ሲሞላ፣ ወይም ጠርሙሱ አልቆ መሳቢያው ቱቦ አየር ሲጠጣ ነው። ቀዝቃዛ ቦታ የነበረ ቲትራንት ወዲያው ከገባም ሲሞቅ አረፋ ያወጣል።

ሰኞ_ማለዳ፦

ምን አደከማችሁ፣ እኛ የመጀመሪያውን ውጤት እንጥለዋለን። ሁለተኛውን ነው የምንመዘግበው።

ቡሬት_ሰባሪ፦

@ሰኞ_ማለዳ አይ እንዲህማ አይሆንም። ለምን እንደተበላሸ ሳታውቅ የጣልከው ውጤት ነገ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ላይ ይመጣብሃል። ያን ጊዜ የትኛውን ልትጥል ነው? ደግሞ ናሙናው አንድ ብልቃጥ ብቻ የሆነ ቀን አለ።

አዲስ_ገቢ፦

@ቡሬት_ሰባሪ በጣም አመሰግናለሁ፣ ነገ ጠዋት እሞክረዋለሁ። ጫፉ ውሃ ውስጥ ነው የሚያድረው፣ ልክ እንዳልከው። በነገራችን ላይ እህትህ ነኝ እንጂ ወንድምህ አይደለሁም :)

ሻይ_በቢከር_አይጠጣም፦

ከ5.19 ወደ 5.28 የሄደው ሌላ ጉዳይ ነው እህቴ፣ በፕሪፔር አይድንም። ቲትራንቱ ራሱ እየደከመ ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወዳል፣ ካገኘው ካርቦኔት ይሆናል። ጠርሙሱ ክዳን ላይ የሶዳ ላይም ቱቦ መኖር አለበት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጥጡ ትንንሽ ነጭ ፍሬዎች ያሉበት። አለ? ካለስ መቼ ተቀየረ? ቀለም የሚቀይር ዓይነት ከሆነ ተመልከቺው። ካልሆነ የተቀየረበትን ቀን ራሱ ቱቦው ላይ ጻፊ። እኔ ባዶ ቱቦ ለጌጥ የተሰካበት ጠርሙስ አይቻለሁ።

ዋናው ጥያቄ ግን ይሄ ነው። ሶፍትዌሩ ውስጥ የተጻፈው ፋክተር (የቲትራንቱ እውነተኛ ጥንካሬ ጠርሙሱ ላይ ለተጻፈው ሲካፈል) ስንት ነው? መቼ ነው የተወሰነው? 1.000 ካለና ማንም ካልነካው፣ ማሽኑ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ዛሬም ድፍን 0.1 ሞላር ነው ብሎ እያሰላልሽ ነው ማለት ነው።

ፋክተሩን ለማውጣት ፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት ያስፈልግሻል፣ ተመዝኖ ማነጻጸሪያ የሚሆን ንጹህ አሲድ ነው፣ ሁሉም ኬኤችፒ ነው የሚለው። 120 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት አድርቂና ዴሲኬተር (እርጥበት የማያስገባ ክዳን ያለው ዕቃ) ውስጥ አቀዝቅዢ። ትኩሱን እንዳትመዝኚ፣ ሚዛኑ ይዋሻል። በአራት ዲጂት ሚዛን 0.15 ግራም አካባቢ መዝኚ። ለምን 0.15? ሞላር ማሱ 204.22 ስለሆነ 0.15 ግራም 0.1 ሞላር ሃይድሮክሳይድ 7.3 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይፈጃል። 10 ሚሊ ሊትር ሲሊንደር ላይ ይህ ጥሩ ቦታ ነው፣ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ሲሊንደሩን አይሞላም፣ ስህተቱም እንዳይጎላ በቂ ፍጆታ አለው። 0.03 ግራም መዝኖ አንድ ሚሊ ተኩል አስወርዶ "ውጤቱ ይዋዥቃል" የሚል ሰው ስንቴ አጋጥሞኛል መሰለሽ። በተፈላና ተከድኖ በቀዘቀዘ ውሃ ሟሚው፣ ካልሆነ ውሃው ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይቆጠራል። ቢያንስ ሦስቴ ሥሪ፣ የየራሱን ክብደት አስገቢ፣ አማካዩን ያዢ። አዲስ ጠርሙስ በተቀየረ ቁጥር ፋክተር እንደ አዲስ ነው። ከዚያ በየሳምንቱ ድገሚው።

ከጉዳዩ ትንሽ ልውጣና፣ በአሴቲክ አሲድ ውስጥ የተዘጋጀ ፐርክሎሪክ አሲድ የምትጠቀሙ ካላችሁ የክፍሉን ሙቀትም መዝግቡ። አሴቲክ አሲድ በአንድ ዲግሪ 0.1 በመቶ ገደማ ይለጠጣል። ጠዋትና ከሰዓት መካከል የአምስት ዲግሪ ልዩነት ካለ ግማሽ በመቶ ሄደ ማለት ነው።

ፒኤች_ሰባት፦

ስለ ኤሌክትሮዱ ማንም ስላልመለሰ እኔ ልበል።

መጀመሪያ የምጠይቅሽ፣ ማታ ምን ውስጥ ነው የሚያድረው? ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ከሆነ ስንፍናው ከዚያ ነው። ውሃው ከውስጡ ጨው እየሳበ ያደክመዋል። 3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ ይደር። አሁን የደከመውንም እዚያው አንድ ሌሊት ንከሪው፣ ብዙ ጊዜ ነፍስ ይዘራል። ሁለተኛ፣ ከላይ የመሙያ ቀዳዳ አለው፣ የጎማ ክዳን ያለው። ስትለኪ ክፈቺው፣ ስትጨርሺ ዝጊው። ተዘግቶ ከተለካበት የውስጡ ፈሳሽ በትክክል አይወርድም፣ ቁጥሩም አይረጋም። የውስጡ ፈሳሽ ከፍታ ሁልጊዜ ከናሙናው በላይ ይሁን።

በጨርቅ ወይም በሶፍት ፈትጎ ማድረቅ የለም። በውሃ አጥበሽ ጠብታውን በሶፍት ጫፍ ነካ አድርጎ መምጠጥ ብቻ።

ከዚያ በበፈር (ፒኤቹ በታወቀ ፈሳሽ) ካሊብሬት አድርጊና ስሎፑን፣ ማለትም ፒኤች በአንድ ሲቀየር ኤሌክትሮዱ ስንት ሚሊ ቮልት እንደሚቀይር፣ እዪ። 25 ዲግሪ ላይ ሙሉው በአንድ ፒኤች 59.16 ሚሊ ቮልት ነው። እኔ ከ95 በመቶ በታች ሲወርድ አጸዳዋለሁ። ካልተመለሰ ይቀየራል። በፈሩን ደግሞ ወደ ጠርሙሱ መልሶ መገልበጥ የሚባል ነገር የለም። ዛሬ ያፈሰስሽው ዛሬ ይደፋል።

አቀማመጡንም እዪው። ማግኔቱ ሲዞር ውሃው መሀል ላይ ትንሽ ስርጉድ ይበል፣ ግን አየር እስኪጠጣ አይዙር። የቡሬቱ ጫፍና የኤሌክትሮዱ አምፑል ጎን ለጎን አይሁኑ። ጫፉ የሚያወርደው መጀመሪያ ተቀላቅሎ ዞሮ ነው ኤሌክትሮዱ ጋ መድረስ ያለበት። አለበለዚያ ኤሌክትሮዱ ያልተቀላቀለውን እያነበበ ማሽኑን ያሳስተዋል። ማግኔቱ አምፑሉን እንዳይመታው ከታች ክፍተት ተዪ። አንዴ ቀጭ ሲል ከሰማሽ ያ ኤሌክትሮድ አለቀለት።

ክሎራይድ በብር ናይትሬት የምትሠሩ ደግሞ ይህን ፖታሲየም ክሎራይድ የተሞላ ኤሌክትሮድ እዚያ እንዳታስገቡት። ክሎራይድ እያፈሰሰ ክሎራይድ ትለካላችሁ።

የድሮ_ላብራቶሪ፦

ልጄ፣ ስለ መነጽሩ የጠየቅሽውን ሁሉም ዘለለው። እኔ ከሁሉ በፊት እሱን ነው የማየው።

"ማሽን ነው" የሚሉሽን አትስሚ። በእጅ ቡሬት ፈሳሹ በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። ማሽኑ ውስጥ ግን ፒስተን ነው የሚገፋው፣ መንገዱ ተደፍኖም ቢሆን ይገፋል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጫፉ በደረቀ ሃይድሮክሳይድ የተደፈነበት ቡሬት ላይ ስታርት ብሎ ጎንበስ ብሎ ያየው ነበር። ቱቦው ከብሎኑ ተፈናቅሎ ወጣና ፊቱ ላይ ረጨው። መነጽር ስለነበረው ጉንጩ ላይ ትንሽ መቅላት ብቻ ሆኖ ቀረ። መነጽሩን አጥቦ እንደገና ሲያደርገው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሃይድሮክሳይድ ዓይን ውስጥ ከገባ ከአሲድ ይብሳል፣ ሥጋውን እያሟሟ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ከገባ ወዲያውኑ፣ ማንንም ሳትጠይቂ፣ የዓይንሽን ቆብ በጣት ከፍተሽ በሚፈስ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ እጠቢ፣ ከዚያ ሐኪም ጋ። የዓይን ማጠቢያው የት እንዳለ ዛሬ ሂጂና እዪ። ፊቱ ካርቶን ተደርድሮበት ከሆነ አንሺው።

ቱቦ ከመፍታትሽ በፊት ማሽኑን አቁሚ፣ ፒስተኑ መቆሙን በዓይንሽ እዪ፣ ጫፉን ቢከር ውስጥ አድርጊ፣ ብሎኑን በሶፍት ሸፍነሽ ቀስ ብለሽ አላሊው። ጠርሙሱ ከዓይንሽ ከፍታ በታች፣ ትሪ ላይ ይቀመጥ። ቆሻሻውንም ባገኘሽው ጀሪካን ውስጥ አትገልብጪ። በረኪና የምትለኩ ከሆነ የእሱ ቆሻሻ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የካርል ፊሸሩም (የውሃ መጠን የሚለካበት ቲትሬሽን) ቆሻሻ ሜታኖልና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ያለበት ስለሆነ ለብቻው ነው፣ ሥራውም ጭስ መሳቢያ ሥር ነው።

አዲስ_ገቢ፦

ተመልሻለሁ። ጉዴን ስሙ።

ፕሪፔር ሁለቴ አስኬድኩ፣ በስልክ መብራት ስከተል አረፋው ተገኘ፣ ልክ ብሎኑ ሥር! ብሎኑን አጠበቅኩ፣ እንደገና አስኬድኩት፣ ጠፋ። የመጀመሪያው ናሙና 5.29፣ ሁለተኛው 5.28።

የሶዳ ላይሙ ቱቦ አለ፣ ግን መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ፋክተሩ 1.000 ተብሎ ተጽፏል፣ ቀን የለውም። በኬኤችፒ ሦስቴ ሠራሁ፣ አማካዩ 0.983 መጣ። 5.28 በ0.983 ሲባዛ 5.19፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ማለት ነው! ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ሶዳ ላይሙን ቀይሬ አዲስ ጠርሙስ አዘጋጅቻለሁ፣ እሱንም ነገ ፋክተሩን አወጣለሁ።

ኤሌክትሮዱ ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ነበር የሚያድረው @ፒኤች_ሰባት። ከነከርኩት በኋላ ስሎፑ 97 በመቶ ነው፣ ቡናውም ቀርቷል። @የድሮ_ላብራቶሪ የዓይን ማጠቢያው ፊት የነበረው ካርቶን ሳይሆን ወንበር ነው፣ አንስቼዋለሁ። መነጽር አድርጌ ነው የምጽፍልዎት።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ዓርብ ስወጣ ሃይድሮክሳይዱን ሲሊንደሩ ውስጥ ትቼው ብሄድ ችግር አለው?

ቡሬት_ሰባሪ፦

አለው። ሃይድሮክሳይድ የሲሊንደሩን መስታወት ቀስ እያለ ይበላል፣ ከደረቀ ደግሞ ፒስተኑን ያጣብቀዋል። ዓርብ ባዶ የሚያደርገውን ትእዛዝ አስኪጂ፣ መሳቢያውን ቱቦ ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ አድርገሽ ሦስት አራቴ አሳጥቢው፣ ከዚያ ውሃውንም አስወጪ። ሰኞ ደግሞ ውሃው ጨርሶ እስኪወጣ ፕሪፔሩን ከሁለት በላይ አድርጊው።

ሰኞ_ማለዳ፦

እኛ ጋም ፋክተሩን ሄጄ አየሁት። 1.000 ይላል። ኬኤችፒ ምድጃ ውስጥ አስገብቻለሁ።