ሚሲሲፒ ላይ አሸን ሲፈላ ዓሣ የያዘ አለ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከገባሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ሐዋሳ ነው ያደግሁት፣ ግን ዓሣ በልቼ እንጂ አጥምጄ አላውቅም። ቅዳሜ ማታ ዘንግ ተውሼ ሚሲሲፒ ዳር ወረድኩ። ነፍሳቱ ፊቴን ሸፈኑት። ዓሣው እፊቴ ይዘላል፣ እኔ አንድም ሳልይዝ ገባሁ። ምን አጥፍቼ ነው?

— ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ። ዓሣው ጠግቦ ነው። ሰርግ ቤት ቆሎ ይዘህ ሄደህ ማን ይዝገንልህ?

ያየኸው ሜይፍላይ ይባላል። እንደ አሸን ፈላ ሲባል የምንሰማውን በዓይንህ አየኸው ማለት ነው። ክንፍ ሳያወጣ በፊት ትል ሆኖ ወንዙ ግርጌ ጭቃ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይኖራል። ከጁን መጨረሻ ጀምሮ ሞቅ ባለ ምሽት በአንድ ላይ ይወጣል። አንዱን ጠጋ ብለህ እየው፦ ውሃው ላይ ቆዳው ይሰነጠቅና ክንፉ እንደ ጀልባ ሸራ ቀጥ ይላል። ባዶው ቆዳ ተንሳፍፎ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚበላበት አፍ የለውም፣ በአንድ ሁለት ቀን ይሞታል። ድልድይ ላይ ተቆልሎ እንደ በረዶ የተጠረገበት ጊዜ አለ። ጁላይ 2014 ዊስኮንሲን ውስጥ ላ ክሮስ ከተማ አካባቢ የአየር ሁኔታ ራዳር ላይ እንደ ዝናብ ታይቷል። የከተማው ፍሳሽ ወንዙን ባበላሸበት ዘመን ግን ከዚህ ጠፍቶ ነበር፣ ውሃው ሲጸዳ ነው የተመለሰው። ስለዚህ አትጥላው፣ አይናከስም።

ፊትህን የሸፈነህ ግንባርህ ላይ ባትሪ አስረህ ይሆናል። አጥፋው። መብራት ይወዳሉ።

አሁን ወደ ዓሣው። የሚዘለው ስሞልማውዝ ባስ የሚባል ዓሣ ነው። ድንጋይ ያለበት፣ ፈጣኑና ዝግተኛው ውሃ የሚገናኙበት መስመር ላይ ሆኖ የሚንሳፈፈውን ይለቅማል። ትንሽ ተንሳፋፊ ማባበያ እሰር፣ ዓሣው ውሃው ላይ የሠራውን ክብ ካየህበት ቦታ በላይ፣ ወንዙ በሚመጣበት በኩል ወርውርና ውሃው ያውርደው። አትጎትት። ዎልአይ የሚባለው ሌላው ዓሣ ግን ታች ነው። የሜይፍላዩ ትል ከጭቃው ሲነሳ እዚያው ይጠብቀዋል። ዓይኑ ባትሪ ሲያርፍበት እንደ ድመት ያበራል፣ ጨለማ አይገደውም። ለእሱ ትንሽ መንጠቆ፣ ቁራጭ የመሬት ትል ወይም አልቅት፣ ወለሉን እየነካ ቀስ ብሎ። አዎ፣ አልቅት፣ የከብት አፍንጫ የሚገባው ዓይነት ግን አይደለም፣ እዚህ በደርዘን ይሸጣል። እኔ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬ ባለቤቴ ክዳኑን የከፈተች ቀን የሰማሁትን እዚህ አልጽፈውም።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ከፎርድ ግድብ እስከ ሄስቲንግስ ግድብ ባለው ወንዝ ዎልአይም ባስም ይዘህ ወዲያው መልቀቅ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ደህና ዎልአይ ባልዲ ውስጥ አድርጌ በልቤ ጉላሽ እየሠራሁ ሳለ ተቆጣጣሪ መጣ። ዓሣው ገና በሕይወት ስለነበር አስለቀቀኝና በምክር አለፈኝ። ጓደኞቼ እስካሁን «ባልዲው» ይሉኛል።

— እኔም ልጠይቅ፣ ልጆቼ 9 እና 13 ናቸው። ለእነሱም ፈቃድ ይወጣል? ደግሞ ዓሣው ካልተበላ ምን ያደርጋል?

— እህቴ፣ በሚኒሶታ ነዋሪ ልጆች 16 እስኪሞላቸው ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። አንቺ ዘንግ ከያዝሽ ግን ያስፈልግሻል፣ ኦንላይን ይገኛል። የሚበላ ከፈለጋችሁ ሐይቅ ይሻላል። የየሐይቁ ደንብ ስለሚለያይ ከመሄዳችሁ በፊት እዩት። የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት ስንት ጊዜ መብላት እንደሚቻል የሚያወጣውንም እዩ፣ ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ጠበቅ ይላል። በሰኔ ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ግን እዚህ አታስነሱብኝ።

— አመሰግናለሁ ጋሼ። ባትሪውስ እውነትም ግንባሬ ላይ ነበር። አርብ ደግሜ እወርዳለሁ። አልቅቱን ግን እጄ የሚነካው አይመስለኝም።

— በትል ጀምር። አርብ ከሰዓት ዝናብ ከሌለ እኔም አለሁ፣ ባልዲ ሳልይዝ።